አባጨጓሬውን አብሉት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከባክቴሪያ ስለሚሠራው፣ በተለምዶ «ቢቲ» ስለሚባለው ፀረ ተባይ ሦስት አንቀጽ ጽፌ ነበር። አባጨጓሬን እንደሚገድል፣ ሰውንና ንብን ግን እንደማይጎዳ ጠቅሼ አለፍኩ። እንዲያ በጥድፊያ ማለፍ አልነበረብኝም። ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ግማሹ ቅሬታ ነው። ከመካከላቸው በጣም የተቆጣውን አስቀድሜዋለሁ፤ ለእሱ የሰጠሁት መልስ ለብዙዎቻችሁ ይሆናልና።

«ምክርዎን ተከትዬ ዱቄቱን ገዛሁ፣ በማለዳ በጥብጬ ጥቅል ጎመኔን ረጨሁ። በማግሥቱ ብሄድ አባጨጓሬዎቹ በሙሉ በሕይወት አሉ። በሦስተኛው ቀን ሞተው ያገኘሁት አንድ ሁለቱን ነው። ሻጩ ነው ያታለለኝ ወይስ እርስዎ?»
የተናደደ ጎመን አምራች

ወንድሜ፣ ንዴትዎ ለእኔ አዲስ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ትል የወረረው የጎመን መደብ ላይ ቢቲ ረጭቼ በማግሥቱ ስመለስ፣ ሁሉም በየቅጠላቸው ተቀምጠው ጠበቁኝ። በዚያን ጊዜ የለመድኩት ነርቭ የሚመታውን ኬሚካል ነበር፤ ጠዋት ይረጫል፣ ከሰዓት በኋላ ትሉ መሬት ላይ ተንጋሎ ይገኛል። አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ ኬሚካሉን ደርቤ ረጨሁበት። በሦስተኛው ቀን መደቡ ጸዳ። አለቃዬ መጥቶ «የትኛው ነው የገደላቸው?» ቢለኝ መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም አላውቀውም።

ቢቲ ቆዳ ነክቶ የሚገድል መርዝ አይደለም፤ መበላት አለበት። ባክቴሪያው ምግብ ሲያጥረው ሁለት ነገር ይሠራል፤ ክፉ ቀን የሚያሳልፍበት ጠንካራ ስፖር፣ ከስፖሩ ጎን ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አልማዝ የሚመስል የፕሮቲን ክሪስታል። የገዙት እሽግ ውስጥ ያለው የሁለቱ ድብልቅ ነው። የእኛ ጨጓራ አሲድ ነው፤ የአባጨጓሬ አንጀት ግን የዚህ ተቃራኒ፣ አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ (አሲድነትን ወይም አልካላይንነትን የሚለካው ቁጥር) ከ9 ያልፋል። ክሪስታሉ እዚያ ሲደርስ ይሟሟል። የትሉ የራሱ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ይቆራርጡትና ወደ መርዝነት ይለውጡታል፤ ማለትም ትሉ መርዙን የሚያዘጋጀው በገዛ ሆዱ ነው። ከዚያ መርዙ ከአንጀቱ ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ሕዋሳቱ ውኃ ስበው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ አንጀቱ ሽባ ይሆናል። ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል። እግሩ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ሲነኩት ይቆጣል፣ ቅጠሉንም አይለቅም። ስፖሮቹ በተቀደደው አንጀት አልፈው ደሙ ውስጥ ይራባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። እርስዎ በማግሥቱ ያዩት በቁሙ የሞተ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በማግሥቱ ሲሄዱ መመርመር ያለብዎት መብላት አለመብላታቸውን ነው። እኔ ከመርጨቴ በፊት አሥር ያህል ቅጠሎች መርጬ፣ ትሉ የበላውን ቀዳዳ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። በማግሥቱ ቀዳዳው ከመስመሩ ካላለፈ ነገሩ እየሠራ ነው። ኩሱንም እመለከታለሁ፤ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ትሉ ዛሬም በልቷል፣ ደርቆ ጠቁሮ ከሆነ ግን ገበታው ተነሥቷል።

ይሁንና በሦስተኛው ቀን አንድ ሁለቱ ብቻ መሞታቸው በዚህ ብቻ አይገለጽም። ከደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ቃል ያዝኩ፤ «በማለዳ» ብለዋል። ማለዳ የረጩት ሙሉ ቀን ፀሐይ ይመታዋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቢቲ ዋነኛ ጠላት ነው፤ ክሪስታሉንም ስፖሩንም ያበላሻል። ቅጠል ላይ የሚቆየው በደህናው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። አመሻሽ ላይ ቢረጩት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ ያድራል፤ ብዙ ትል ደግሞ የሚበላው በሌሊት ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ የትሎቹ መጠን ነው። ሲረጩ ምን ያህል ነበሩ? የጣት አንጓ ካከሉ ዘግይተዋል። ትልልቆቹ ብዙ መጠን ካልበሉ አይሞቱም፤ ቀምሰው ታመው ጥቂት ቀን ጾመው የሚያገግሙም አሉ። ይህ መድኃኒት ከእንቁላል ለወጡ ጥቃቅኖች ነው፤ ለማየት አጉሊ መነጽር ለሚያስፈልጋቸው፣ ቅጠሉን ሳይበሱ ገጹን ብቻ ለሚልጡት። እንቁላል ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉም አይፈለፈልም፤ ስለዚህ ወረራው እስኪቆም ከ5 እስከ 7 ባለው ቀን ልዩነት መድገም ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ረጭቶ መተኛት ለለመደ ሰው ይህ አሰልቺ ነው፤ አልክድም።

ሦስተኛ፣ የጎመን ቅጠል ሰም ለብሷል፤ ውኃ ሲያርፍበት እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ይወርዳል። በመለያው ላይ የተፈቀደ ማጣበቂያ ይጨምሩበት። የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙረው የቅጠሉን ሆድ ያርሱ፤ ትሉ ያለው እዚያ ነው። ሰው «ረጨሁ» ሲለኝ የምጠይቀው የቅጠሉን ጀርባ ነው ወይስ ሆዱን ብዬ ነው። መድኃኒቱን ለማዳረስ ሳይሆን ምግብ ለማቅረብ እንደወጡ ያስቡ። ትሉ የሚበላበት ቦታ ላይ፣ በሚበላበት ሰዓት፣ ገና ጨቅላ ሳለ ካልቀረበለት ምንም ያህል ቢያፈሱ ዋጋ የለውም።

ውኃዎንም ይፈትሹ። አንድ ጊዜ በኖራ አዲስ ከተለሰነ ገንዳ የቀዳሁትን ውኃ በጥብጬበት ሥራው ሁሉ ከንቱ ቀርቶብኛል። ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነ ውኃ ክሪስታሉ አንጀት ውስጥ መሟሟት ሲገባው በርሜል ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ ቶሎ ይበላሻል። ኖራም አመድም አያስጠጉት። የበጠበጡትን በዚያው ቀን ይጨርሱ።

«ባክቴሪያ ልጆቼ በሚበሉት አትክልት ላይ ሲረጭ ማየት አስፈራኝ። ኬሚካሉን እንኳ አጥቤ አስለቅቀዋለሁ፤ ሕይወት ያለው ነገር ግን ሆዳቸው ገብቶ ቢራባስ?»
የሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ «አይዞሽ» ብዬ አላልፈውም። ክሪስታሉ መርዝ ለመሆን ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አልካላይን አንጀት፣ በትክክል የሚቆርጠው ኢንዛይም፣ አንጀቱ ላይ የሚጣበቅበት ማረፊያ፣ ማለትም ተቀባይ። በልጆችሽ ሆድ ውስጥ አሲድ ይጠብቀዋል፣ የሚጣበቅበትም የለም፤ እንደማንኛውም ፕሮቲን ተፈጭቶ ያልፋል። ባክቴሪያውም ከላቦራቶሪ የተፈጠረ እንግዳ አይደለም፤ በአፈር፣ በቅጠል ላይ፣ በእህል አቧራ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ቢቲ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው የባሲለስ ሴሬየስ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ አምራቾች እያንዳንዱን ምርት ይመረምራሉ፤ ስለዚህም የታወቀና የተመዘገበ ምርት ብቻ ግዢ። አትክልቱን እንደወትሮሽ በደንብ እጠቢ። ዱቄቱን የሚበጠብጠው ሰው ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ዓይን ያስቆጣል፣ ትንፋሽ ለሚያስቸግረው ሰውም አቧራው ጥሩ አይደለም። በሕመም ወይም በሕክምና ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ ይህን ሥራ ለሌላ ይተው።

«በባዮሎጂ ክፍል ስለ ቢቲ ጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ማን አገኘው? ስሙስ ለምን እንዲህ ረዘመ?»
የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ልጄ፣ ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ነው፤ ታሪኩም ከስሙ ይጥማል። መጀመሪያ የተገኘው እንደ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ወንበዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ጃፓናዊው ኢሺዋታ ሺጌታኔ የሐር ትሎችን ድንገት እየጣለ የሚገድል በሽታ ሲመረምር ባክቴሪያውን አገኘው። በዚያን ጊዜ ጥያቄው የሐር ትሉን ከእሱ እንዴት እናድን የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ደግሞ ጀርመናዊው ኤርንስት በርሊነር ቱሪንጂያ ከምትባል ግዛት ከመጣ የዱቄት እራት (ዱቄት ውስጥ የሚራባ የእሳት እራት) አባጨጓሬ ውስጥ ያንኑ ባክቴሪያ ለየ። ስሙ ከግዛቲቱ ተወሰደ።

ነገሩን ገልብጦ ለመጠቀም ጊዜ ወስዷል። የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበ ምርት እ.ኤ.አ. በ1938 በፈረንሳይ የወጣው ስፖሪን ነው። የክሪስታሉ ሚና ደግሞ በ1950ዎቹ ነው የተረጋገጠው፤ እስከዚያ ድረስ ሰዎች የሚረጩት ነገር በምን እንደሚገድል በቅጡ ሳያውቁ ይረጩ ነበር። ለብዙ ዓመት ቢቲ አባጨጓሬን ብቻ ይገድላል ተብሎም ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ግን በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ የትንኝ እጭ የሚገድል ዝርያ ተገኘ፤ ኢስራኤለንሲስ ተባለ። በ1983 ደግሞ የጥንዚዛ እጭ የሚገድለው ቴኔብሪዮኒስ ታወቀ። ጽሑፍህ ላይ የሐር ትሉን አትርሳ፤ መምህርህ ይወድልሃል።

«ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ላይ ደጋግሜ ረጨሁ፤ ምንም የለም። አገዳ ቆርቁሩም እንደዚያው።»
የቲማቲምና የበቆሎ ገበሬ

አይሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ቅጠል አያኝኩም፤ አፋቸውን እንደ መርፌ ሰክተው ከውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። እርስዎ ምግቡን ያቀረቡት ገበታው ላይ ነው፣ እነሱ የሚጠጡት ደግሞ ከገበታው ሥር ነው። አገዳ ቆርቁሩን በተመለከተ ትሉ አገዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ቅጠል ላይ ሳለ ካልደረሱበት በሩን ዘግቶ ይበላል። ተምች የበቆሎው እምብርት ውስጥ ሲገባም ችግሩ ያው ነው፤ ብጥብጡን ወደ እምብርቱ ማንቆርቆር ካልሆነ ዙሪያውን መርጨት አያዋጣም።

የእሽጉን ጀርባ ያንብቡ፤ የቢቲውን ዝርያ ስም ይፈልጉ። ኩርስታኪ ወይም አይዛዋይ ካለ ለአባጨጓሬ ነው። ቴኔብሪዮኒስ ካለ እንደ ድንች ጥንዚዛ ላሉት እጮች ነው። ኢስራኤለንሲስን ቲማቲም ላይ የረጨ ሰው አጋጥሞኛል፤ የትንኝ መድኃኒት ረጭቶ ትሉን እየጠበቀ።

«ከአንድ እሽግ ጥቂት ወስዶ በስኳርና በዱቄት ውኃ በባልዲ ማራባት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ባክቴሪያ ከሆነ ይራባል አይደል? ለምን ደጋግሜ እገዛለሁ?»
ቆጣቢው

ይራባል። ችግሩ ባልዲው ውስጥ የሚራባው እሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። የስኳር ውኃ አየር ላይ የሚበረውን ሁሉ ይጋብዛል፤ ቅድም ለእናቲቱ የነገርኳት የምግብ መመረዝ አምጪው ዘመዱም ከተጋባዦቹ አንዱ ነው፤ በዓይን አይተውም አሽትተውም አይለዩትም። ደግሞም ክሪስታል የመሥራት ችሎታው ባክቴሪያው ሲራባ ሊጣል በሚችል ተጨማሪ ዲኤንኤ ላይ የተጻፈ ነው። ባልዲ ሙሉ ባክቴሪያ አብቅለው ክሪስታል የሌለው ሊሆንብዎ ይችላል። ቁጠባዎን አደንቃለሁ፤ ባልዲውን ግን ይድፉት።

«ለሰባት ዓመት ጎመኔን በቢቲ ብቻ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አመሻሽ ላይ እረጫለሁ፣ ጥቃቅኖቹን እከታተላለሁ፣ ሁሉንም በሕጉ። ዘንድሮ ግን ትንሿ አረንጓዴ ትል አልሞት አለች። መጠኑን እጥፍ አደረግሁት፤ አሁንም የለም።»
የቀድሞ እርካታ የነበረው

ይህ ደብዳቤ ከሌሎቹ ይልቅ አሳስቦኛል፤ የጻፉት ሰው ሥራቸውን ያውቃሉና። የገለጹልኝ ትል፣ ሲነኳት እየተንፈራገጠች በሐር ክር የምትንጠለጠለው፣ ካደገች በኋላ ጀርባዋ ላይ አልማዝ የሚመስል ቅርጽ የምታወጣው የጎመን እራት ትመስለኛለች። ይህች ነፍሳት ያልተለማመደችው መርዝ ጥቂት ነው። ቢቲንም ቢሆን በሜዳ ላይ ለመቋቋም የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሃዋይ ተዘግቧል። ከዚያ በፊት በ1985 በጎተራ እህል ላይ የምትኖር ሌላ እራት በጥቂት ትውልድ ውስጥ መላመድ እንደምትችል ታይቶ ነበር።

የሚሆነው እንዲህ ነው። መርዙ አንጀቱ ላይ የሚጣበቅበት ተቀባይ አለ ብያለሁ። ከሺህ ትል መካከል ተቀባዩ ትንሽ የተለየባት አንዲት ብትኖር፣ መርዙ አይጣበቅባትም። እርስዎ ሰባት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሌሎቹን እየገደሉ ለእሷ ማሳውን ሲያጸዱላት ኖሩ። ልጆቿ እናታቸውን መስለዋል። መጠኑን እጥፍ ማድረግ መዝጊያው የተለወጠበትን ቤት በአሮጌው ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንደመሞከር ነው፤ ያባብስብዎታል እንጂ አይረዳዎትም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ኖሮ እንዲህ አደርግ ነበር። ለአንድ ሁለት ትውልድ ቢቲን ሙሉ በሙሉ አቆማለሁ። ኩርስታኪ ሲጠቀሙ ከነበረ በኋላ ወደ አይዛዋይ መዞር ይቻላል፤ የክሪስታሎቹ ድብልቅ በከፊል ይለያያልና፤ ሆኖም ዘመዳማቾች ስለሆኑ ብቻውን አልተማመንበትም። በመካከሉ ፈጽሞ በሌላ መንገድ የሚሠራ ነገር ማስገባት የግድ ነው። አንዱ ስፒኖሳድ ነው። ይህም ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኝ ነው፤ ባክቴሪያው የተለየው በካሪቢያን ደሴት ላይ ከነበረ የተተወ የሩም መጥመቂያ በ1982 ከተወሰደ አፈር ነው፤ ስካር ባይሆንም ነርቭ ነው የሚመታው። ነገር ግን ሳይደርቅ ንብን ይገድላል፤ አበባ ባለበትና ንብ በምትወጣበት ሰዓት አይረጭም። ስፒኖሳድንም ብቻውን ሰባት ዓመት ቢጠቀሙበት ይህንኑ ደብዳቤ ዳግም ይጽፉልኛል።

ከመድኃኒቱ ውጪ ያለውን ደግሞ አይናቁት። ማሳው ላይ የቀረውን የጎመን ጉቶ ይንቀሉ፣ ለአንድ ወቅት ከጎመን ዘመዶች ውጪ የሆነ ሰብል ይዝሩ። ትንንሾቹ ጥገኛ ተርቦች የዚህችን ትል ሆድ ቤታቸው ያደርጋሉ፤ ሁሉን የሚገድል ኬሚካል ካልረጩ እነሱ ያለደሞዝ ይሠሩልዎታል። የቢቲ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነበር፤ ትሉን ገድሎ ተርቡን መተዉ።

አንድ ሌላ አንባቢ ቢቲ በቆሎና ቢቲ ጥጥ ስለሚባለው ጠይቀዋል። እሱ የሚረጭ አይደለም፤ የክሪስታሉን ፕሮቲን ሰብሉ ራሱ እንዲሠራ ጂኑ የገባበት ዝርያ ነው። በሰፊው መዘራት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ነው። የመላመዱ አደጋ እዚያም አለ፤ ስለዚህ ከጎኑ ጂኑ የሌለበት ሰብል በተወሰነ መሬት ላይ ይዘራል። ያልተላመዱ እራቶች እዚያ ያድጉና ከተላመዱት ጋር ይዳቀላሉ፤ ስለዚህ መላመዱ ቶሎ አይስፋፋም። ትል ሆን ብሎ ማርባት ለገበሬ ቢከብድም ሒሳቡ ልክ ነው።

«ጎረቤቴ ቢቲ ይረጫል። እኔ ደግሞ ንብም የሐር ትልም አለኝ። ምን ላድርግ?»
ሁለት መንጋ ያለኝ

ለንቦችዎ ብዙም አይስጉ። ለሐር ትሎችዎ ግን ይስጉ፤ አባጨጓሬ ናቸው፣ ቢቲም መጀመሪያ የተገኘው በእነሱ ሬሳ ነው። ጎረቤትዎ ነፋስ ወደ እርስዎ በሚነፍስበት ሰዓት እንዳይረጭ ይነጋገሩ፤ የሚመግቧቸውን ቅጠልም ከማሳው ራቅ ካለ ቦታ ይቁረጡ። ጠብታው ያረፈበትን ቅጠል ጥቂት ቀን አይስጧቸው።

«ካለፈው ዓመት የተረፈኝ ግማሽ እሽግ አለ። ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ወር ቀርቶታል፤ ግን ሙቀት ያለበት ክፍል ውስጥ ነው የከረመው። ልጣለው?»
የሚጠራጠር

ዱቄት ከሆነ፣ ካልረጠበና ካልጎረበጠ ተስፋ አለው፤ ፈሳሹ ቢሆን ቶሎ ነው የሚሞተው። እኔ በጥርጣሬ አልረጭም፤ በጥርጣሬም አልጥልም። ትሎቹን እጠይቃቸዋለሁ።

ሁለት አፈ ሰፊ ማሰሮ ወይም የመስታወት ዕቃ ያዘጋጁ። ካልተረጨ ማሳ ንጹሕ ቅጠል ይቁረጡ። በመለያው መጠን በጥቂት ውኃ ይበጥብጡ፣ ከቅጠሎቹ ግማሹን ይንከሩበት፤ ግማሹን በንጹሕ ውኃ ብቻ። ይድረቁ። ከዚያ ከአንድ ማሳ የተለቀሙ፣ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ጨቅላ ትሎች በየማሰሮው አሥር አሥር ይጨምሩ፣ አፉን በስስ ጨርቅ ይሰሩት፣ ከፀሐይ ያርቁት። በማግሥቱ ኩሱን ይቁጠሩ። ውኃ የነካው ማሰሮ ወለሉ በኩስ ተሞልቶ፣ መድኃኒቱ የነካው ግን ጥቂት ብቻ ካለበት ዱቄቱ ሕያው ነው። በአራተኛው ቀን ሬሳውን ይቁጠሩ። ከአሥሩ ስምንት ያህል ከሞቱ ይርጩት። ሦስት አራት ብቻ ከሆነ ይጣሉት። በውኃው ማሰሮ ያሉትም ብዙዎቹ ከሞቱ ደግሞ ጥፋቱ የማሰሮው ነው፤ አጥበው እንደ አዲስ ይጀምሩ።